ጨው ያለ ጊዜው

የሳሙና ፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛው ሁሉ “ኮሌታ” ይለዋል። ፊት ለፊት ግን የሚደፍር የለም። ስሙ የወጣለት በሞራና በሶዳ መሃል እየዋለ የሸሚዙ ኮሌታ አንድም ቀን ሳይቆሽሽ ስለሚገባና ስለሚወጣ ነው። እንግዳ መጥቶ “እዚህ ቤት ውስጥ ሰው እንዴት እንዲህ ንጹሕ ይሆናል?” ብሎ ቢገረም መልሱ አጭር ነው፤ ሳሙናውን የሚነካው ሌላ ሰው ነዋ!

የሚነካው ሰው ቀቃይዋ ነበረች። ሦስት ቶን የሚውጠውና ሠራተኛው “ሆዳሙ” የሚለው የብረት ድስት አጠገብ የእንጨት ማማሰያ ይዛ ስትቆም፣ ከሩቅ ለሚያያት ታንኳ የምትቀዝፍ ትመስላለች። ዕድሜዋ ስልሳ ሊደፍን ነው። ሠራተኛው “እትዬ” ብሎ ያከብራታል፤ ኮሌታ ግን “አንቺ” ይላታል።

ቀቃይዋ ኮሌታን ትጠላዋለች። ጥላቻዋ ዛሬ የበቀለ አይደለም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ልጅ ቢሆን ኖሮ መታወቂያ አውጥቶ፣ ሥራ ፈልጎ፣ ምናልባትም ሚስት አጭቶ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል ታውቃለች። ስለዚህ ለመጸለይ ስትቆም ቂሟን አትደብቅም፤ “ይኸው ይዤ መጣሁ፣ ከፈለግህ አንተው ውሰድልኝ” ትላለች። እስከ ዛሬ የወሰደላት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ቀቃዩ ባሏ ነበር። እሷ ማሸጊያ ክፍል ነበረች፣ ኮሌታ ደግሞ የፈረቃ ኃላፊ። ሞራና ሶዳ አብረው ሲፈሉ ውለው ሳሙናው ሲበስል ጨው ይጨመርበታል፤ ጨው ንጹሑን ሳሙና ወደ ላይ አውጥቶ ቆሻሻውን ውሃ ከታች ይለያል። ጨው በሰዓቱ ከገባ በረከት ነው። ሳይደርስ ከገባ ግን ድስቱ በሙሉ ይቆራረጣል፤ በዚያ ላይ ድስቱን የሚያሞቀው እንፋሎት ከተዘጋ ይረጋና ድንጋይ ይሆናል። የዚያን ዕለት መኪኖች በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ኮሌታ ሰዓቱን አየና “ጨው ጨምር” አለ። ባሏ “አልደረሰም” አለ። ኮሌታ “እኔ አዝሃለሁ እንጂ አንተ አታዘኝም” ብሎ ጆንያውን በገዛ እጁ ገለበጠው።

ሆዳሙ ረጋ። ባሏ ሠራተኛው ሁሉ እያየ ሦስት ቀን ሙሉ በዶማ ሲቆፍር ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ደብዳቤ ተሰጠው፤ “በቀቃዩ ቸልተኝነት ለደረሰው ጉዳት” ይላል፣ ከሥሩ የኮሌታ ፊርማ አለ። ያቺን ቃል ይዞ የሄደበት ፋብሪካ ሁሉ በር ዘጋበት። ሃያ ዓመት ድስት ሥር የቆመ ሰው ቸልተኛ ተብሎ ቤቱ ተቀመጠ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እየፈታ መግጠም ያዘ።

ኮሌታ ሌላ ቀቃይ ቀጠረ። አራት ድስት ተከታትሎ ተበላሸ። አምስተኛው ላይ ቀቃይዋ ከማሸጊያ ክፍል ወጥታ “እኔ ልሞክር” አለች። ሳቁባት። ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ እነሱ ድስት ሲያበላሹ ባሏ ጓሮ ውስጥ በአሮጌ በርሜል፣ በተጣለ ሞራ እያስተማራት መክረሙን ነው። ማስተማር ከተባለ። ባሏ አፉ ላይ ቃል የለውም፤ እጇን በእጁ ይይዝና ማማሰያውን አብረው ያዞራሉ። “ይሄ ነው?” ትለዋለች። “አይደለም።” “ይሄስ?” “አይደለም።” በሰባተኛው ሳምንት “አሁን” አላት፤ እሷም ያን ጊዜ ማማሰያው ክንዷ ውስጥ ሲከብድና ሲላላ ለይታ ሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዳሙ አንድም ጊዜ አልተበላሸም። ኮሌታም በሳሙናው ጥራት ተሸለመና ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኮሌታ በእርግጥ ረስቷል፤ በአዲስ ዓመት “ባለቤትሽ ደህና ነው?” ብሎ እስከ መጠየቅ ደርሷል። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ ቃል በጻፋት እጅ እንድትሰረዝ። ባሏን ስታማክረው “ተይው፣ ለፈጣሪ ስጪው” ይላታል። እንዲህ ሲላት ትበሽቃለች። “በግ ነህ፣ በግ!” ብላው አኩርፋ የዋለችባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ጡረታዋ አራት ወር ሲቀረው ከዋናው መሥሪያ ቤት ወረቀት መጣ። ሠራተኛ በወጣ ቁጥር እውቀቱ አብሮት እየወጣ ድርጅቱ ተቸግሯልና፣ በየሰው ጭንቅላት ያለው ሁሉ በጽሑፍ ይስፈር ይላል። ቅጽም አብሮ ተልኳል። “ተግባር” የሚል ዓምድ አለው፣ “መጠን” አለው፣ “ሰዓት” አለው፣ ከጎን ሰፋ ያለ “ማብራሪያ” አለው። የመጨረሻው ገጽ ለብቻው ነው፤ “ካለፉ ስህተቶች የተገኘ ትምህርት” ይላል።

ቀቃይዋ ጉዳዩን ስትሰማ በልቧ ሳቀች። ቁጥር ከሆነ የሚፈልጉት ቁጥር ልስጣቸው፣ የቀረውን ሆድ ይፍጀው አለች። ሊያስጽፋት የተመደበው ሰው ግን ኮሌታ ሳይሆን ኬሚስቷ ሆነች፤ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ከቤተ ሙከራ ብዙም የማትወጣ ጭምት ሴት።

“እትዬ፣ ጨው የሚገባው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው?”

“ሲደርስ።”

“ሲደርስ ማለት ስንት ደቂቃ ይሆናል?”

“እሱን ድስቱን ጠይቂው።”

“ቅጹ ቁጥር ይፈልጋላ፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ሦስት ሰዓት ከአርባ በይ።”

ኬሚስቷ ጻፈች። ከዚያ ግን አልሄደችም። “ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁልጊዜ ነው?” አለች። ቀቃይዋ ማማሰሏን ቀጠለች። ኬሚስቷ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች፣ ነጩን ካፖርቷን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና “ድስቱን እንድጠይቀው ማማሰያውን ያቀብሉኛ” አለች።

ስምንት ሳምንት ቆመች። መዳፏ ተላጠ፣ ሶዳ ክንዷን ፈንጥቆ አቃጠላት፣ ቤቷ ስትገባ ልጆቿ “ሞራ ሞራ ትሸቻለሽ” እያሉ ሸሿት። አንድም ቀን አላማረረችም። ቀቃይዋ እንደ ድንጋይ ልቁም ብትልም ሆዷ ባባ። በአምስተኛው ሳምንት ሳታስበው የኬሚስቷን እጅ በእጇ ይዛ ስታዞር ራሷን አገኘችው። በስምንተኛው ሳምንት ኬሚስቷ ዓይኗን ጨፍና “አሁን” አለች። ልክ ነበረች። ቀቃይዋ ደስ አላት፣ ደስ ማለቷም አናደዳት።

ማብራሪያ የሚለው ዓምድ በኬሚስቷ ጽሑፍ ሞላ። “ሰዓቱ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ድስቱ ማጉረምረሙን ትቶ ማንሾካሾክ ሲጀምር ይጠበቅ። ከማማሰያው ትንሽ ተወስዶ በሁለት ጣት ሲታሽ ቅባት ሳይተው በስሱ መላቀቅ አለበት። ሞራው የቆየ ከሆነ ሰዓቱን ፈጽሞ አትመኑ፤ አንድ ሰዓትም ሊጨምር ይችላል።” እንዲህ እያለ አርባ ገጽ ሄደ። ሽፋኑ ላይ የሁለቱንም ስም ጽፋ ለኮሌታ አስገባች።

ኮሌታ ቢሮው ውስጥ እያነበበ ከት ብሎ ሳቀ።

“ድስት ያንሾካሹካል? ምን እያለ? እኔን እያማ ነው?”

“በጆሮ የሚለይ ድምፅ ነው፤ እኔም...”

“ይሄ ተረት ነው። መመሪያ ማለት ቁጥር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ተረት ልላክ?”

ማብራሪያውን በሙሉ ሰረዘው። አርባው ገጽ ዘጠኝ ሆነ። ሽፋኑ ላይ የነበሩትን ሁለት ስሞች አወጣና “አዘጋጅና አረጋጋጭ” ብሎ የራሱን ስም ከነማዕረጉ በትልቁ አስጻፈ። ካለፉ ስህተቶች የተገኘ ትምህርት የሚለው ገጽ ላይ አንዲት ቃል አስቀመጠ፤ “የለም።” ከዚያ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ መመሪያ ዝንፍ የሚል ሰው ከሥራ ይሰናበታል ሲል አወጀ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ኬሚስቷ ፊቷ ደም መስሎ ወደ ቀቃይዋ መጣች።

“እትዬ፣ በዚህ ከተሠራ ይበላሻል። ሄጄ እንደገና ልንገረው።”

“ስምሽ አለበት?”

“አውጥቶታል። የእርስዎንም።”

“ፊርማሽስ?”

“የለም።”

“ተመስገን” አለች ቀቃይዋ።

ቀልዷን አልነበረም። የኬሚስቷ ስም ሽፋኑ ላይ ቢቆይ ኖሮ ቂሟን ውጣ ጡረታዋን ትወጣ ነበር፤ ያን ሁሉ ሳምንት ሌሊት እንቅልፍ ነስቷት የነበረው ይኸው ነው። ቸልተኛ የምትለዋ ቃል ዞራ እዚች ልጅ ላይ ብትወድቅስ? አሁን ግን ሰውየው መንገዱን ራሱ ጠርጎ፣ ስሙን በትልቁ ጽፎ፣ “ነይ ግቢ” ብሏታል። ታዲያ ምን ቆርጧት ትቀራለች?

“በጽሑፍ አስጠንቅቂው” አለቻት። “ቀን ጻፊበት፣ ቅጂ ያዢ። ከዚያ በኋላ አፍሽን ያዢ።”

ኬሚስቷ ጻፈች። ኮሌታ ደብዳቤው ላይ በቀይ “አይመለከትሽም” ብሎ መለሰላት። ቀቃይዋ ያንን ቀይ ጽሑፍ ስታይ አንጀቷ ራሰ።

በሳምንቱ መመሪያው ሲሠራ ለማየት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ኃላፊ መጣች፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ፣ ብዙ የማታወራ ሴትዮ። የዚያን ቀን የገባው ሞራ አሮጌ ነበር። ቀቃይዋ ክዳኑ ሲነሳ አሸተተችው፣ ኬሚስቷም አሸተተችው፤ ተያዩ። ኮሌታ ሽቶ ተቀብቶ ስለነበር ከራሱ በቀር የሸተተው ነገር የለም።

ሥራው ተጀመረ። ሞራው በመመሪያው መጠን ገባ፣ ሶዳው በመመሪያው መጠን ገባ፣ እንፋሎቱ በመመሪያው ሰዓት ተለቀቀ። ልክ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሲሞላው ኮሌታ የእጅ ሰዓቱን ለእንግዳዋ እያሳየ “ጨው!” አለ። ሆዳሙ ገና እንደ ተቆጣ ሽማግሌ ያጉረመርማል።

“ጌታው” አለች ቀቃይዋ ጮክ ብላ፣ “የሚያዘኝ ድስቱ ነው መመሪያው?”

“መመሪያው!”

“እሺ።”

ጨው ገባ። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልሆነም። ከዚያ ድስቱ እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራረጠ፤ ቡናማ ጓል በጭቃ ውሃ ላይ ተንሳፈፈ። መመሪያው ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንፋሎት ይዘጋ ይላልና ቀቃይዋ ዘጋች። በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች።

እውነቱን ለመናገር እጇ አልታዘዝ ብሏት ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ያንን ድስት ያዳነ እጅ በራሱ ጊዜ ወደ እንፋሎቱ መዝጊያ ይነሳል። ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ሥር ከተተችና ተጫነቻቸው።

“እንዲህ ነው የሚሆነው?” አለች ኃላፊዋ።

“አዎ... ማለቴ፣ ትንሽ...” ኮሌታ ወደ ቀቃይዋ ተጠግቶ በጥርሱ መሃል “አንቺ! አስተካክዪው እንጂ!” አላት።

“ማስተካከል ገጽ ስንት ላይ ነው?”

“ቀልዱን ተዪኝ! ትባረሪያለሽ!”

“በምን ምክንያት? ከመመሪያው ዝንፍ ብዬ?”

ከማሸጊያው በር ላይ የቆሙት ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ድስቱ ዳር ዳሩን ቆዳ ማውጣት ጀመረ። ኮሌታ ያላበው ፊቱን ጠረገና ቃሉን ለወጠ።

“እትዬ፣ እባክዎ። እርስዎ ያውቁበታል።”

በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ አላት። ሰውነቷን ደስ የሚል ነገር ወረራት፤ ግን ለዚህ አልነበረም የተቀመጠችው።

“አውቅበታለሁ” አለች፣ ለእሱ ሳይሆን ለኃላፊዋ። “ይድናል። ግን ሁለት ሰዓት አይቆይም፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነው። እሱ ያውቀዋል፣ ከዚህ በፊት አድርጎታል። የመጨረሻውን ገጽ ይዩልኝ።”

ኃላፊዋ ገለጠች። “ካለፉ ስህተቶች የተገኘ ትምህርት፣ የለም” ብላ አነበበች። “በዚህ ሁሉ ዓመት?”

“አለ። እሱ ይጻፈው፤ እኔ እንፋሎቱን እከፍታለሁ።”

“ዓይኔን ግንባር ያድርገው እኔ የማውቀው የለም!” አለ ኮሌታ።

“እንግዲያው እንጠብቅ።”

ጠበቁ። ሰውየው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ድስቱን ዞረ፣ ሁለት ሠራተኛ ጠርቶ አማስሉ አለ፣ ማማሰያው ተይዞ ቀረ። መካኒክ ጠራ፤ መካኒኩ “እኔ ብረት ነው የማውቀው” ብሎ ተመለሰ። ኬሚስቷ ቀዩ ጽሑፍ ያለበትን ደብዳቤ ከኪሷ አውጥታ ለኃላፊዋ ሰጠች። ኃላፊዋ አንብባ አጠፈችው። ሰዓት አለፈ። መሃል ላይ የቀረችው ፈሳሽ ትሪ ታህል ነበር።

“ይጻፉ” አለች ኃላፊዋ ለኮሌታ፣ በቀስታ።

ጻፈ። ቀቃይዋ ወረቀቱን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች። “ቀደም ሲል ጨው ያለ ጊዜው በመጨመሩ ስህተት ተፈጽሞ ነበር” ይላል።

“ማን ጨመረው?”

ኮሌታ አቀርቅሮ አንድ መስመር አከለ።

“ቀቃዩ ምን ብሎህ ነበር?” እሱ እርስዎ ሲል እሷ እርስዎን ትታዋለች።

“...አልደረሰም ብሎ ነበር።”

“እሱን ጻፍ። ቸልተኛ ብሎ የጻፈውስ ማን ነው? ቃሉ ልክ ነበር?”

እሱንም ጻፈ።

“ፈርምና አንብበው። በር ላይ ያሉት እንዲሰሙ።”

ፈረመና ወረቀቱን አንስቶ ማንበብ ጀመረ። “እኔ በወቅቱ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ፣ ቀቃዩ አልደረሰም እያለኝ፣ ጨውን በራሴ እጅ ጨምሬ ድስቱን አበላሽቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በቀቃዩ ላይ የጻፍኩት ቸልተኛ የሚለው ቃል ሐሰት ነው።” በር ላይ ከቆሙት አንዲት አሮጊት አሻጊ፣ የቀቃይዋ ባል ያኔ ሲቆፍር ያየች፣ “እሰይ!” አለች። ቀቃይዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይቅር አላለችውም፤ ይቅር ልበል ብላም አላሰበችም።

ተነስታ እንፋሎቱን ከፈተች። ሙቅ ውሃ አስጨመረች፣ ሶዳ አስጨመረች፣ ማማሰያውን ለኬሚስቷ ሰጠች። የረጋው ቀስ እያለ ተፈታ፣ ጓሉ ቀለጠ፣ ሆዳሙ እንደገና ማጉረምረም ጀመረ። ኃላፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጆሮዋን ሰጠች። ብዙ ቆይቶ ድምፁ ሲለወጥ ቀና ብላ “ይሄ ነው እንዴ?” አለች። ኬሚስቷ በሁለት ጣቷ አሽታ “አሁን” አለች። ሳሙናው ትንሽ ጠቆር ብሎ ወጣ እንጂ ሳሙና ነበር። ኃላፊዋ ስትሄድ ዘጠኙን ገጽ ትታ የኬሚስቷን አርባ ገጽ ይዛ ሄደች።

ቀቃይዋ የመጨረሻውን ገጽ ቅጂ ማኅተም አስመትታ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። ባሏ መስኮቱ ሥር የሬዲዮ አንጀት ዘርግቶ ተቀምጧል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው፣ ወረቀቱንም ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ ላይ ምንም አላየችም።

“እንፋሎቱ ተዘግቶ ድስቱ ስንት ሰዓት ቆመ?” አላት።

ልቧ ወረደ። ሰውየው ሳሙና ሲበላሽ እንደ ሕመም የሚሰማው ሰው ነው። ሦስት ቶን አውቃ ስታረጋ መዋሏን እንዴት ትንገረው? እሱን ዋሽታውም አታውቅ።

“አንድ ሰዓት ተኩል” አለች አቀርቅራ።

ባሏ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ውስጥ ያየችውን ነገር በሠላሳ ዓመት ትዳር አይታው አታውቅም።

“ቸኮልሽ” አላት። “እኔ ብሆን እስከ ማታ አቆየው ነበር።”

ወረቀቱን መለሰላትና ወንበሩን አስጠጋ።

“በይ አሁን አንቺ አንብቢልኝ” አለ። “ቀስ ብለሽ።”